ደኅና ሆነው ያያችኋቸው በስንት ሰዓት ነበር?

በዚህ መጽሔት ገጾች ስለ ፖለቲካ፤ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተጽፏል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ግን ከአጥንትና ከመድኃኒት ስም በቀር የምናወራው የለንም እየተባልን እንታማለን። ሐሜቱ ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ ዓመት አራት ሆነን ከነርቭ ሐኪሞች ሥር ተመድበን፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን ወይም የአንጎላቸው ደም ሥር የተደፈነባቸውን በሽተኞች ስናይ ስለ ሰነበትን፤ ያየነውን ለሌሎች ፋኩልቲዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። የሐኪም ቤቱን ስም አንጠቅስም። አዘጋጁም «ወረቀት የለም፤ አታስረዝሙ» ስላሉን ወደ ነገሩ እንግባ።

ደኅና የዋለ ሰው በድንገት ሲወድቅ፤ አፉ ሲጣመም፤ አንድ ወገኑ ሲዝል አገራችን «መጋኛ መታው» ይላል። የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቃል። እኛ ግን የሚያሥቅ ነገር አላገኘንበትም። የጥንት ግሪኮችም በሽታውን የጠሩት ተመትቶ መውደቅ በሚል ቃል ነበር፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ «ስትሮክ» ሲሉ ያው «ምት» ማለታቸው ነው። ሁሉም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ድንገተኛነቱን። መቺው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን የሞተውን ሰው ራስ ከፍቶ ማየት አስፈለገ። ይህን ያደረገው ቬፕፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም ነው። በ1658 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ባሳተመው መጽሐፍ፤ በዚህ በሽታ በሞቱት ሰዎች አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ማግኘቱን ገለጸ፤ ወደ አንጎል የሚወጡት ደም ሥሮች ሲደፈኑም ይኸው በሽታ ሊመጣ እንደሚችል አመለከተ።

እንግዲህ ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሁለት በሽታዎች አንድ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። አንደኛው ደም ሥሩ በረጋ ደም ተደፍኖ ከዚያ ወዲያ ያለው አንጎል ሲራብ ነው፤ ሁለተኛው ደም ሥሩ ፈንድቶ ደሙ አንጎሉን ሲጫነው ነው። ክንዱ የዛለው፤ አንደበቱ የተሳሰረው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነበት በዐይን አይታወቅም። ብርቱ ራስ ምታት፤ ትውከት፤ ቶሎ ራስን መሳት ወደ መፍሰሱ ያዘነብላሉ እንጂ እርግጠኛ አያደርጉም። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱን የሚጠቅመው መድኃኒት ሌላውን ይገድላል።

ከአውሮፓ ይልቅ በእኛ አገር የመፍሰሱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ዋናው ምክንያት ያልታከመ የደም ግፊት፤ በተለምዶ «ደም ብዛት» የምንለው ነው። ይህ በሽታ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች እየጎዳ ይኖራል፤ አንድ ቀን አንዱ ሥር ይፈነዳል። መደፈኑም ቢሆን የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሽ በሽታ አለ፤ በተጎዳው ልብ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ይወጣል። በክፍላችን ከተኙት አንዷ 19 ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች።

ሐኪማችን፤ በሽተኛው ገና ከቃሬዛው ሳይወርድ ለአስታማሚው የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው። «ደኅና ሆነው ያያችኋቸው በስንት ሰዓት ነበር?» «መቼ ታመሙ?» አይሉም። ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ታሞ ቢገኝ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን «ደኅና እደሩ» ብሎ ከተኛበት ነውና።

የሰዓቱ ነገር ምክንያት አለው። በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች ከአካል ጉዳት የመዳን ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳየ። በ2008 ጊዜው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሊራዘም እንደሚችል ታወቀ። በ2015 ደግሞ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ከአንጎል ሥር ጎትቶ ማውጣት ብዙ ሰው እንደሚያድን ተከታታይ ጥናቶች አረጋገጡ። ይህ ሁሉ ለተደፈነው ነው እንጂ ለፈሰሰው አይደለም። በአገራችን ደግሞ ከጥቂት ቦታዎች በቀር አይገኝም። «ታዲያ መድኃኒቱ ከሌለ ሰዓቱን መጠየቅ ምን ይረባል?» ብሎ ከእኛ አንዱ ደፍሮ ጠየቀ። ሐኪማችን፤ «መድኃኒቱ የመጣ ዕለት ሰዓት መጠየቅ የማያውቅ ሐኪም እንዲቀበለው አልፈልግም» አሉ።

መልሱም ቢሆን ሁልጊዜ በሰዓት ተቆጥሮ አይመጣም። «ከቅዳሴ ሲመለሱ ደኅና ነበሩ» ይባላል፤ «ከብቱ ሲገባ» ይባላል። አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ስትጠየቅ፤ «አቦሉን ጠጥተዋል፤ ቶናው ሳይቀዳ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ» አለችን። ሐኪማችን ከሰሉ መቼ እንደ ተቀጣጠለ፤ ቡናው መቼ እንደ ተቆላ፤ የሬዲዮው ዜና ቀድሞ ተሰምቶ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ጠይቀው ነገሩን ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ግድም ላይ አደረሱት። መርማሪ ፖሊስ እንኳ እንዲህ ሲጠይቅ አላየንም።

ከዚያ በኋላ ምርመራው በእጅ ነው። «እማማ፤ እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ዐይንዎን ይጨፍኑ።» አንደኛው እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል። «ጥርስዎን ያሳዩኝ።» አንዱ ከንፈር ይቀራል። ቁልፍ፤ እስክሪብቶ፤ ሰዓት እያሳዩ ስሙን ያስጠራሉ። ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የተባለ ሐኪም በ1861 ዓ.ም. «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ሌላ መናገር ያልቻለ በሽተኛ ነበረው። በሽተኛው በሞተ ጊዜ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራ በኩል ወደ ግንባር በሚያዘነብለው ክፍል አገኘው። ይህን በመጽሐፍ አንብበን ፈተና አልፈንበታል። ዋናውን ትምህርት ያገኘነው ግን ከአንድ የኔታ ነው።

የኔታ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፤ ቀኝ እጃቸው የዛለ ሰው ናቸው። ልጃቸው፤ «አባቴ አእምሮአቸው ደኅና ነው፤ ሌሊቱን ሲጸልዩ ነው ያደሩት» አለ። በእርግጥም አቡነ ዘበሰማያትን ሲጀምሩላቸው አንድ ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ያደርሳሉ። ሐኪማችን ግን ውኃ በብርጭቆ አሳይተው «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏቸው፤ የኔታ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱና ዕንባቸው መጣ። ጠምቷቸው ሳለ «ውኃ» ማለት አልቻሉም። ከልጅነት ጀምሮ የተጠናና በዜማ የተባለ ነገር፤ አዲስ ዐረፍተ ነገር ከሚሠራበት በተለየ መንገድ ሊወጣ እንደሚችል ሐኪማችን ለልጁ አስረዱት። ልጁ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ሌሊቱን ጸልየዋል ወይስ አልጸለዩም?» ሲል ጠየቀ። «እርሱ ከእኔ ሙያ በላይ ነው» አሉት። ከመምህር አፍ እንዲህ ያለ መልስ የምንሰማው አልፎ አልፎ ነው።

ሁለቱን በሽታዎች የሚለየው መሣሪያ ሲቲ ስካን ነው። ሃውንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሠራው መሣሪያ የመጀመሪያው በሽተኛ የተነሣው በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ነው። በሥዕሉ ላይ የፈሰሰ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የተራበው አንጎል ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ምንም ላያሳይና ኋላ ሊጠቁር ይችላል። በእኛ ሐኪም ቤት መሣሪያው ተበላሽቶ ስለ ነበር አስታማሚው በሽተኛውን ይዞ ሌላ ቦታ ከፍሎ ማስነሣት ነበረበት። ገንዘቡ ከዘመድ፤ ከጎረቤትና ከእድር እስኪሰበሰብ ግማሽ ቀን ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያድራል። በዚያ መካከል ሐኪሙ የሚሠራው ሳያውቁ መታገሥን ነው። ሥዕሉ ሳይታይ አስፕሪን አይሰጥም። የግፊቱም ነገር እንደዚሁ አስቸጋሪ ነው። ደም ከፈሰሰ የላይኛውን ቁጥር ወደ 140 ግድም ማውረድ ይፈለጋል፤ ከተደፈነና የሚያሟሟው መድኃኒት ካልተሰጠ ግን ከ220 በ120 እስካላለፈ ድረስ በመጀመሪያው ቀን ባይነኩት ይሻላል፤ የተራበው አንጎል በዚያ ግፊት ነው የሚተርፈው። ይህን ለአስታማሚ ማስረዳት ቀላል አይደለም። «190 ነው እያላችሁ ዝም ትላላችሁ?» ብሎ የጮኸብንን ሰው አልተቀየምነውም።

የቀረው ሥራ ለወሬ የማይመች ነው። በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ሙቀቱ ይለካል፤ አፉ ይጠረጋል፤ ሳይቆይም እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ክፍል የተኛ በሽተኛ በየክፍሉ ተበትኖ ከሚተኛው ይልቅ በሕይወት የመትረፍና ቤቱ የመግባት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ምግብ ነው። የመዋጥ ኃይሉ የደከመ ሰው አፉ የገባው ነገር ወደ ሳንባው ይወርድና የሳንባ ምች ያመጣበታል። ስለዚህ በትንሽ ውኃ ሳይፈተን ምንም እንዳይቀምስ ይታዘዛል። አገራችን ደግሞ የታመመን ሰው ሳያጎርሱ መቀመጥን እንደ ጭካኔ ይቆጥረዋል። ነርሷ ፊቷን ስታዞር አጥሚቱ ከፔርሙዝ ይወጣል፤ ማንኪያው ይመጣል። «እናቴን በረኃብ ልትገሏት ነው?» ይባላል። አንዲት ነርስ፤ በአፍንጫ የሚገባውን ቱቦ ከምታስገባበት ጊዜ ይልቅ ስለ አጥሚት የምትከራከርበት እንደሚበልጥ ነግራናለች። ሙያዋ ሁለት ነው ማለት ነው።

የነርቭ ሐኪም በአገራችን ብዙ ጊዜ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሙያው ማሠልጠን እስኪጀመር ድረስ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ጨምሯል፤ የሚበዙት ግን በዋናው ከተማ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ በሽተኛ ከእነርሱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አንባቢው ያስበው።

እኛን እርስ በርሳችን ያከራከረን ግን ሌላ ነገር ነው። ደም የፈሰሰበት ሰው ራሱን ስቶ ሦስት ቀን ሲተኛ ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና «ይዘነው እንሂድ፤ ቤቱ ይሙት» ይላል። ይህን የሚያሰኘው ፍቅር ማጣት አይደለም። ከሞተ በኋላ ሬሳ አገር ቤት ማድረስ በሕይወት ካለ ሰው መንገድ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለሐኪሙም ቢሆን በ2001 ዓ.ም. የወጣ ነጥብ አሰጣጥ አለ፤ የደሙን ብዛት፤ ዕድሜውንና ንቃቱን ቆጥሮ የሞቱን ዕድል ይገምታል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ግን የሚያሳስብ ነገር አመጣ። ሐኪሞች ቀድመው ተስፋ የቆረጡለት በሽተኛ ሕክምናው ስለሚቀነስበት ይሞታል፤ ሲሞት ግምቱ ትክክል የነበረ ይመስላል። ከዚህ የተነሣ እስከ ሁለተኛው ሙሉ ቀን ድረስ ሕክምና የመገደብ ውሳኔ እንዳይቸኮልበት ይመከራል።

አንድ የ55 ዓመት እህል ነጋዴ በመጣ ማግስት ወንድሞቹ ከመኪና ባለቤት ጋር ዋጋ ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ሐኪማችን «ሁለት ቀን ስጡኝ፤ ይድናል ግን አልላችሁም» አሏቸው። ሰጡ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ዐይኑን ገለጠ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ እግሩን እየጎተተ በምርኩዝ ሄደ። ይህን አይተን ደስ አለን። በሚቀጥለው ወር አንዲት እናት በዚያው ዓይነት መጡ፤ ሐኪማችንም ለልጆቻቸው ያንኑ ቃል ተናገሩ። ልጆቹም ሰጡ። ሴትዮዋ በአራተኛው ቀን ሞቱ። ልጆቹ ለሥዕሉ፤ ለመድኃኒቱ፤ ኋላም ለሬሳ መኪናው ተበድረው ከፈሉ።

በዚያ ሌሊት በመኝታ ቤታችን እስከ ሰባት ሰዓት ተከራከርን። ሁለታችን፤ ሐኪሙ ያን ቃል መናገር ግዴታቸው ነበር፤ ነጋዴውም የተረፈው በዚያው ቃል ነው አልን። ሁለታችን ደግሞ፤ ዕዳው የሚወድቀው በሐኪሙ ላይ ስላልሆነ ቃሉ ለተናጋሪው ርካሽ ነው አልን። አልተስማማንም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። በማግስቱ ነገሩን ለሐኪማችን ስናነሣባቸው አልተቆጡም። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን በማግስቱ መናገር አለብኝ» አሉና ወደ ሌላው አልጋ ተሻገሩ።

የሴትዮዋ ታላቅ ልጅ ከአርባቸው በኋላ የሞት ማስረጃ ሊወስድ መጣ። ዕድሜው 34 ነው፤ ሾፌር ነው። ሐኪማችን ወረቀቱን ፈርመው ከሰጡት በኋላ «ተቀመጥ እስቲ» ብለው ክንዱን አሰሩና ለኩት፤ 180 በ110 ነበር። «እኔን እኮ ምንም አያመኝም» አለ። «እናትህንም አላመማቸውም ነበር» አሉት። የአንድ ወር መድኃኒት ጻፉለት። ወረቀቱን ከሞት ማስረጃው ጋር አንድ ላይ አጥፎ በኮቱ ኪስ ከተተው። ቀጠሮው ለወር ነበር፤ እኛ በዚያ ጊዜ ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛውረናል።