ሰላጣና ዘይቱ

አንባቢ ሆይ! ውፍረት ለመቀነስ ብለህ እንጀራውን ትተህ ሰላጣ ያዘዝህ እንደሆነ፣ ቅጠሉን ሳይሆን የፈሰሰበትን ዘይት ተመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ሦስት ማንኪያ ሲሆን 360 ይደርሳል። ከሥሩ ያለው ቅጠልና ቲማቲም ግን የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ምኑን ጾምነው?

እኔ በቤቴ ዘይቱን በሻይ ማንኪያ ለክቼ፣ ሎሚውንና ቃሪያውን አበዛበታለሁ። ደግሞም ቅጠል ብቻውን ሆድ አይይዝም፤ በምሳ ያልጠገበ ጸሐፊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የተቀቀለ ምስር ወይም አንድ እንቁላል ጨምርበት፤ በጾም ቀን ምስሩ ይበቃል። አትክልቱንም በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርገህ እጠብ።

ሰላጣ የሚጠቅመው በስሙ ሳይሆን በልኩ ነውና።