ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

በቤተ ክርስቲያናችን ፍላሽ የማይገባበት አገልግሎት ያለ አይመስለኝም። መዘምራን የሚለማመዱበት ሙዚቃ የሚመጣው በፍላሽ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድም ስታይሎቹን የሚያስቀምጠው በፍላሽ ነው። እሁድ የተሰበከው ቃል ተቀድቶ ለታመመ ሰው ቤት ድረስ የሚሄደውም በዚያው ነው። አሶሳ ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ዳታውም ለተማሪ ኪስ ይከብዳል፤ ስለዚህ ትልቅ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ፍላሽ በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ 8 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ሁለት መዝሙር ቢሆን ነው። ዛሬ በኪሳችሁ የምትይዙት ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ የዚያን አራት ሺህ እጥፍ ይይዛል። የሚጠፋውም በዚያው ልክ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አላነብም ሲል በየወጣት ኅብረቱ የምሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ይህ ምክር ከሁሉም ቀድሞ መሰጠቱ ይከነክነኛል። ፎርማት ፍላሹን ያተርፍ ይሆናል፤ ፍላሽ ግን ከሱቅ ይገዛል። የማይገዛው ውስጡ ያለው ነው።

ባለፈው ዓመት የገጠመንን ልንገራችሁ። ከካማሺ አካባቢ የመጡ አንድ የጉሙዝ አባት ለሕክምና አሶሳ ዘመዶቻቸው ዘንድ ከርመው ነበር። ወጣቶቻችን ሊጠይቋቸው ሄደው ምስክርነታቸውን በስልክ ቀዱ። ጌታን እንዴት እንዳገኙ በጉሙዝኛ አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ ቀጥለውም ራሳቸው የደረሷቸውን ሦስት መዝሙሮች ዘመሩ። ዛሬ ጉሙዝኛ፣ በርትኛና ሽናሽኛ በክልላችን ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ፤ ልጆች ይጽፉባቸዋል። እኚህ አባት ግን መዝሙሮቻቸውን የያዙት በልባቸው ነበር። የትም አልተጻፉም። ስልኩ ሲሞላ ቅጂው ወደ ፍላሽ ተዛወረ፣ ከስልኩም ተሰረዘ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እርሳቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ።

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ድምፃቸውን ለማሰማት አስበን ቅዳሜ ከሰዓት ፍላሹን የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ፍላሹ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። ኮምፒውተሩ ግን በስክሪኑ ጥግ «ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሬኮግናይዝድ» ብሎ ጻፈ። አላወቅሁትም ማለቱ ነው። አንዱ ወጣት ፍላሹን ነቅሎ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠ። እዚያም ገና ሳይሰኩት ያው መልስ ተሰጠው፦ ፎርማት። ደግነቱ ሳያስደርግ ተመለሰ። «መብራቷ እኮ በርታለች፣ ለምን አያነበውም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር።

ጥያቄው ጥሩ ነው። የተለመደውን የፍላሽ መሰኪያ አፍ ብታዩ አራት ቀጫጭን የብረት ንጣፎች አሉት። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ መካከል ያሉት ሁለቱ ደግሞ ዳታ የሚመላለስባቸው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ የዳሮቹ ከመካከለኞቹ ረዘም ይላሉ። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስንሰካው ኃይሉ ቀድሞ እንዲደርስ፣ ንግግሩ ከዚያ እንዲጀመር። ስለዚህ የበራች መብራት የምትነግረን ኃይል መድረሱን ብቻ ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍላሹ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ይመልሳል፤ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ድራይቨር ይፈለግለታል። በመጨረሻ ኢ ወይም ኤፍ የሚል ፊደል ተሰጥቶት ፎልደሮቹ ይታያሉ። «አላወቅሁትም» የሚለው መልእክት የሚወጣው ይህ ጥያቄና መልስ ገና ከጅምሩ ሲሰናከል ነው። ፍላሹ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሞቷል ማለትም አይደለም። (መብራት በርቶ ንግግር የጠፋባቸው አንዳንድ የኮሚቴ ስብሰባዎች ትዝ አሉኝ፤ ይለፈኝ።)

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥፋቱ ከማን ዘንድ እንደሆነ መለየት ነው። ይህን ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ፍላሽ ደግሞ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ በእጃችን የነበረውን ሌላ ፍላሽ ብንሰካ ኮምፒውተሩ ያንኑ ቃል ደገመው። ደህና የምናውቀውን ፍላሽም አላወቀውም! እንግዲህ ተጠርጣሪው የኮምፒውተሩ መሰኪያ ሆነ። በፊት ለፊት ያሉት መሰኪያዎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በቀጭን ገመድ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚሰካው እነርሱ ላይ ስለሆነ ይላላሉ፤ የአሶሳ የበጋ ቀይ አቧራም የሚገባው እነርሱ ውስጥ ነው። የኋላዎቹ ግን ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተተከሉ ናቸው። ከኋላ ስንሰካው ኮምፒውተሩ ያቺን የምናውቃትን የመቀበያ ድምፅ አሰማ። በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተን የፊቱን መሰኪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ስንጠርገው ከአቧራው ጋር የወረቀት ብጣሽ ወጣ።

የኋላውም እምቢ ቢል ኖሮ ገና ብዙ የሚሞከር ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ መሰኪያዎቹም እንደ አዲስ ይነሣሉ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በሚደናገር ኮምፒውተር ላይ ይህ ዘዴ ሲሠራ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ካልሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን የዩኤስቢ መስመር አንኢንስቶል አድርጎ ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ፍላሹ ታውቆ ፊደሉ ብቻ ካልታየ ደግሞ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብቶ ፊደል መስጠት ይበቃል።

የእኛ ፍላሽ ግን ተከፈተ። ስናየው ባዶ ነው! በፍላሹ ስም የተሰየመ አንድ ሾርትከት ብቻ ተቀምጧል፤ መጠኑ 1 ኪሎባይት። ቅጂውን የቀዳችው እህት ፊቷ ተለወጠ። አንዱ ሾርትከቱን ሊጫን እጁን ሲሰድ «ቆይ!» አልኩት። መጀመሪያ በፕሮፐርቲስ የተያዘውን ቦታ አየን፤ ወደ 3 ጊጋባይት ይላል። ባዶ ፍላሽ ይህን ያህል ቦታ አይዝም። ውስጡ አንድ ነገር አለ፣ ግን ተደብቋል።

ይህ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሎቻችሁን አያጠፋም፤ የተደበቁ የሲስተም ፋይሎች አስመስሎ ይሰውራቸውና በቦታቸው ሐሰተኛ መግቢያ ያቆማል። መግቢያውን ስትጫኑ መጀመሪያ ራሱን ያስነሣል፣ ቀጥሎ እንዳትጠረጥሩት ፋይላችሁን ይከፍትላችኋል። በፍላሽ መወረር የእኛ ከተማ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የተደረሰበት ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ ከኢንተርኔት የተለዩትን የኢራን የኒውክሌር ጣቢያ ኮምፒውተሮች ያገኛቸው በፍላሽ እንደሆነ ይታመናል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችንና የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን አሳይ የሚሉትን ሁለቱንም ምርጫዎች መክፈት። ወይም በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «አትሪብ» የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ ኤችና ኤስ የተባሉትን የመደበቂያ ምልክቶች ማንሣት። ፎርማት አድርገን ቢሆን ኖሮ ደህና የነበሩትን ፋይሎች በገዛ እጃችን እንጠርግ ነበር።

ፎልደሩ ወጣ። ምስክርነቱ ሙሉ ነው፤ የእኚያ አባት ድምፅ ቢሮውን ሲሞላው ማንም አልተናገረም። የመጀመሪያው መዝሙር አለ። ሁለተኛውም አለ። ሦስተኛው ስሙ ተጽፏል፣ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። ፋይል ገና እየተገለበጠ ፍላሹ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ እንዲህ ይቀራል። ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ምሽት አስፈተሽን፤ የሚገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ እንዲያስቀምጥ አደረግን፤ እዚያው ፍላሽ ላይ መልሶ መጻፍ የሚፈለገውን ይሽረዋልና። መዝሙሩ አልተገኘም። ፕሮግራሙ የተሰረዘ ይመልሳል፤ ፍላሹ ላይ ጨርሶ ያልሰፈረን ከየት ያመጣል?

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን ለወጣቶች ሳስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ጥቅልሉን በቢላ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ስለጣለው ስለ ንጉሥ ኢዮአቄም ድፍረት ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ዓይኔ የሚያርፈው ባሮክ ላይ ነው። ሌላ ጥቅልል ተቀብሎ ያንኑ ቃል እንደገና ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ይህን ማድረግ የቻለው ግን ከጎኑ ኤርምያስ ስለነበረ ነው፤ ነቢዩ በሕይወት ነበር፣ ባሮክም ከአፉ እየሰማ ጻፈ። እኛ ዞር ብለን የምንጠይቃቸው አባት የሉም።

በማግስቱ የተረፈውን ሦስት ቦታ አስቀመጥነው፦ በቢሮው ኮምፒውተር፣ ከቫይረሱ ንጹሕ በሆነ ሌላ ፍላሽ፣ ለልጃቸው በሰጠናት ሚሞሪ ካርድም ላይ። ካርዱን በፋት 32 አዘጋጀነው፤ በኤክስፋት የተዘጋጀውን የእርሷ ትንሽ ስፒከር አያነበውምና። ካርዱን ስንሰጣት ስለ ሦስተኛው መዝሙር ጠየቅናት። አዝማቹን ታውቀዋለች፤ እዚያው ቆማ ዘመረችልን፤ ቀዳነውም። የቀረውን የምታውቀው ካማሺ ያሉት አክስቷ እንደሆኑ ነገረችን። አክስቷ ስልክ የላቸውም፤ ዘመድ ሲሄድ ግን መልእክት ልካለች።