የወሩ ቃል

እኛ ጓደኛሞች በየወሩ አንድ ቃል እናወጣለን። ወሩ ሳያልቅ ለቃሉ የሚሆን ፎቶ ማንሳት ነው። ባለፈው ጳጉሜን «5 ቀንም ወር ተብሎ!» ያሉ ነበሩና ጭቅጭቅ ተነስቶ፣ ቃሉ «ችኮላ» ተባለና ታለፈ።

የሚያዝያ ቃል «ጥላ» ወጣ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀትር ላይ ስልኬን ይዤ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ብወጣ፣ የራሴ ጥላ እንኳ የለም! በሚያዝያ 6 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትቆመው፤ ጥላ ጫማ ሥር ይገባል። የጠዋቱን ብርሃን በእንቅልፍ የጨረሰ ሰው ምን ያምጣ?

ደግነቱ አማርኛችን ለጋስ ነው፤ ጃንጥላም ጥላ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ተቀምጠዋል። የጃንጥላቸው አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ እጀታው ድንጋይ በሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተተክሏል። ጥላው የሚበቃው ለእሳቸውና ለሰፌዱ ብቻ ነው።

«እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ለምኑ ነው?»

«ለጥላው።»

ሳቁ። ቆሎ ካልገዛሁ እንደማይሆን በዓይናቸው ነገሩኝ፤ ገዛሁ። ይሄኔ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ብድግ ብለው ፀሐይ ላይ ቆሙልኝ።

«ኧረ ጥላው ውስጥ ይሁኑ እማማ!»

«በል ወዲያ! ጨለማ ውስጥ አንስተህ ለሰው ልታሳየኝ?»

አልተሟገትኩም። በላክሁት ፎቶ ላይ ጃንጥላው አለ፣ ሰፌዱ አለ፣ ባዶ በርጩማ አለ፤ እሳቸው ዳር ላይ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ፀሐዩን ችለው ቀጥ ብለዋል።