አህያዪቱ ለምን ቆመች?

«አህያ!» ተብሎ የማያውቅ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ስድቡ በአንድ ቃል ሁለት ክስ ይዟል፤ አታስብም ይላል፣ ደግሞም ግትር ነህ ይላል። እኛ ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አጭር የአኒሜሽን ፊልም ለመሥራት ተነስተን ዋናዋን ገጸ ባሕሪ አህያ ስላደረግናት፣ ይህን ክስ መመርመር ግድ ሆኖብናል። የማታስብ ገጸ ባሕሪን ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

አስተማሪ የለንም። ያለን አንድ ስልክ፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና እርሳስ ነው። ትምህርት ቤታችን መስቀል ፍላወር ነው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ሲሉ፣ ከፎቆቹና ከካፌዎቹ ጀርባ፣ አንዳንድ ጠዋት እህልና አሸዋ የጫኑ አህዮች የሚያልፉበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ አለ። እዚያ ቆመን እንቀርጻለን፤ ማታ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያቆምን እንስላለን። አላፊ አግዳሚው «ምን ሆነው ነው እነዚህ?» ይላል። ይበል።

ዘዴው የኛ ፈጠራ አይደለም። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1878 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሠዓሊዎች ጋላቢ ፈረስን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይስሉት ነበር። ፎቶው ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ፈረሱ አራቱንም እግር ከመሬት የሚያነሳው ከሆዱ ሥር ሰብስቧቸው ሳለ ነው። የዋልት ዲዝኒ ሠዓሊዎችም በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ባምቢ»ን ሲሠሩ የአጋዘን ግልገሎች ስቱዲዮ ድረስ መጥተውላቸዋል። እነሱ ያስመጡትን እኛ ከደጃችን አገኘነው።

ታዲያ ምን አየን? አህያ ስትራመድ ግራ የኋላ፣ ግራ የፊት፣ ቀኝ የኋላ፣ ቀኝ የፊት እያለች ነው። ጭነቱ ሲከብዳት እርምጃዋ ያጥራል። አንዱ የፊት እግሯ ካመማት፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ክብደቷን ከሕመሙ ላይ ለማንሳት ነው። ጤነኛው ሲያርፍ ጭንቅላቷ ዝቅ ይላል። እንባ መሳል አያስፈልግም፤ የአንገቷን እንቅስቃሴ በትክክል የሳለ ሰው ሕመሟን ስሏል።

ትልቁ ትምህርት ግን መቆሟ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት አህያ ክዳን የሌለው ቦይ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ አለች። ነጂዋ ጮኸ፤ የተጫነውን ማዳበሪያ በዱላ ደበደበ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ማታ ቪዲዮውን ስናየው፣ ገና እግሯ ሳይቆም ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ቦዩ ተቀስረዋል። ቀጥሎ አንዱ ጆሮ ወደ ነጂው ዞረ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ድንጋዩን አሸተተች። ከዚያ ተሻገረች። ፈረስ ሲደነግጥ መሮጥ ይቀናዋል፤ አህያ ግን ቆማ አደጋውን ታጠናለች። ግትርነት የምንለው ይኸው ነው! በሰከንድ 24 ምስል በሚሄድ ፊልም፣ ያቺ የሦስት ሰከንድ ቆይታ 72 ምስል ትሆናለች። እግር አይነቃነቅባትም፤ ገጸ ባሕሪዋ ግን ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።

ከሦስታችን የአንዱ እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ ነው። ያችን ቆይታ ስንስል ጓደኛችን እርሳሱን አስቀመጠና «እማዬም ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ትቆም ነበር» አለ። ዝም አልን። በአማርኛችን እናትንና አህያን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማንሳት ነውር ነው፤ እሱም ያውቃል። ቆየት ብሎ «ነውሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው» አለን። «ሰዉ ደከማት ይላል። እሷ እኮ እግሯን የምታሳርፍበትን እየመረጠች ነው።»

ፊልሙ ውስጥ እንጨት ተሸካሚ ሴት እንድትገባ የወሰንነው ያን ማታ ነው። ከአህያዪቱ ጋር ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። ሴቲቱን የሚስላት እሱ ብቻ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያዩትም እናቱ ናቸው። ከሳቸው ፊት ያላለፈ ፊልም የትም አይታይም፤ ተስማምተናል።

እኛ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን የቀረበችውን፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ የምትጠይቀውን ቀጭኔ እያየን ያደግን ልጆች ነን። ቀጭኔ ጠያቂ ከሆነች አህያ አሳቢ ብትሆን ምን ይገርማል?

አንባቢ ሆይ፣ ነገ መንገድ ላይ የተጫነች አህያ ቆማ ብታይ ጆሮዋን ተመልከት። ሸክም ያለበት ሰው ቆሞ ብታይ ደግሞ «ቶሎ በል!» ከማለትህ በፊት ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ እይ።