የ22.4 ሊትር ልማድና የቦሌ ሚካኤል አየር

ኬሚስትሪን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሌላው ቢጠፋው 22.4 አይጠፋውም። አንድ ሞል ጋዝ ይህን ያህል ሊትር ይዘት እንዳለው ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ ተፈትኖበት አልፏል። ቁጥሩ ግን የሚሠራው በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1 አትሞስፌር ግፊት ብቻ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ከሰፈሩ ጎን ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76.5 ኪሎፓስካል አካባቢ በመሆኑ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ 31.9 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በዚያው ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ 24 ሊትር ይበቃው ነበር።

ይህ ልዩነት በፈተና ወረቀት ላይ ከጥቂት ነጥብ አያልፍም። በሰርቪስ ቤት ለሚኖር ተከራይ ግን የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ፣ በተለይም መብራት ሲጠፋ፣ ከሰል ደጅ ላይ ይቀጣጠልና ጭሱ ሲያልቅ ምድጃው ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ከወጣ አደጋውም አብሮ እንደወጣ ይታመናል። ጭስ አልባው ፍም የሚሰጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ከምድጃው ሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ፣ አንዱ ሞል ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ሁለት ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል።

የክፍሉ ወለል 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ 22,500 ሊትር ይሆናል፤ በቦሌ ሚካኤል አየር ይህ 706 ሞል ገደማ ነው፤ ከዚህም 148 ሞል ያህሉ ኦክስጅን ነው። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ 240 ግራም ካርቦን፣ ማለትም 20 ሞል፣ ቢነድና ከ20ው ሞል 19ኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 1ዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሆን፣ የሚፈጀው ኦክስጅን 19.5 ሞል ነው። እንግዲህ ከኦክስጅኑ 87 በመቶ ያህሉ አሁንም በክፍሉ ውስጥ አለ። በከሰል የሞተን ሰው «አየር አልቆበት ነው» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ስሌቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሰውን የሚጥለው ያለቀው ኦክስጅን ሳይሆን የተጨመረው አንድ ሞል ነው።

ያ አንድ ሞል 28 ግራም ይመዝናል። በክፍሉ ሲከፋፈል በአንድ ሜትር ኩብ 1,240 ሚሊግራም ያህል ይደርሳል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር ለአንድ ሰዓት ካስቀመጠው የ35 ሚሊግራም ወሰን ከ35 እጥፍ በላይ ነው።

ከፍታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ያው ከሰል በዚያው ስፋት ባለው ክፍል በባሕር ጠለል ላይ ቢነድ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ክብደት አይለወጥም። የሚለወጠው ተፎካካሪው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ለአንዱ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ 177 ሞል ያህል ኦክስጅን ሲተርፍ፣ በቦሌ ሚካኤል የሚተርፈው 128 ገደማ ብቻ ነው። ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ወሳኙ የሁለቱ ጋዞች ንጽጽር ነው። ይህ ንጽጽር በአዲስ አበባ በ38 በመቶ ያህል ወደ መርዙ ያደላል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላለ ክፍል በሚሊዮን እጅ ተሰልቶ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ እንዳለ ተገልብጦ እዚህ ሲነበብ፣ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት አየር ያላቸው ያስመስላል።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ክፍል ፍጹም ዝግ አይደለም፤ ከሰሉም ሁሌ በ19 ለ1 ምጣኔ አይነድም። ስንጥቅና የበር ሥር ክፍተት ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል፤ አየር ያነሰው የታፈነ ፍም ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ቢሆንም ስሌቱ ከአንድ ሞል፣ ከአንድ ክፍልና ከአንድ ግፊት በቀር የሚጠይቀው የለም። መምህሩ «በመደበኛ ሁኔታ» የሚለውን ሐረግ ሰርዞ «በዚህ ክፍል፣ በ76.5 ኪሎፓስካል» ብሎ ቢጽፍ፣ ተማሪው ያንኑ ቀመር ይጠቀማል። ያገኘውንም መልስ ማታ ቤቱ ሄዶ፣ ምድጃው ከመግባቱ በፊት ለእናቱ ሊያስረዳው ይችላል።