ከባሉጥ ጥላ በታች ስላለው ምድር

ከአትላንታ ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ ስቶን ማውንቴን ወደሚባለው ታላቅ የድንጋይ ተራራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። የዚያ አገር አፈር ቀይ ሸክላ ነው። ዝናሙም በዓመት ወደ 1250 ሚሊሜትር ስለሚደርስ፥ አንዳች ያልለበሰ መሬት በጐርፍ ይታጠባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግድነት ባረፍንበት ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ ባሉጥ ቆሞ አየን፤ ከሥሩ ያለው ምድር ግን ራቁቱን ነበር። ባለቤቱ በየዓመቱ የሣር ዘር ቢዘራም፥ ሣሩ ፀሐይ እያጣ ይጠወልግ ነበርና ዛፉን ለማስቈረጥ አሰበ። እናቱ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ከቈረጥኸው በኋላ ሐምሌ ሲመጣ ወዴት ትሸሸጋለህ?» አሉት። የጆርጅያን ሐምሌ ያየ ሰው ነገሩ ቀልድ እንዳይደለ ያውቃል።

በዚህ መካከል አትክልት የሚወድ ጐረቤት ከግቢው አንድ እቅፍ ተክል ነቅሎ አመጣላቸው። ቅርንጫፉ የጥድ ቅጠል ይመስላል፤ ቁመቱም ከክንድ አይበልጥም። ስሙ ሰላጊኔላ ብራውኒ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ቻይና ነው። በድንጋይ ላይ እንደሚበቅለው ሽበት ቢቈጠርም ወገኑ ሌላ ነው፤ አበባና ፍሬ የለውም፥ እንደ ዱቄት በደቀቀ ዘር ይራባል። የጥንት ዘመዶቹ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ረጃጅም ዛፎች ነበሩ፤ ዛሬ ከምድር ሆድ ከሚወጣው የድንጋይ ከሰልም ከፊሉ ከእነርሱ የተገኘ ነው።

ቤተ ሰቡ የመጀመሪያውን ተክል የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው ዳር ስለ ተከሉት ቅርንጫፉ ተኰማትሮ ቀላ። የቀረውን ከጥላው ውስጥ አገቡት። የባሉጡን ሥር እንዳይጐዱ በሥሮቹ መካከል ትንንሽ ጕድጓድ ብቻ ቈፈሩ፤ በአንዱና በአንዱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ርቀት ተዉ፤ ላዩን በስሱ የበሰበሰ ቅጠል አለበሱት። በዛፍ ሥር ላይ አፈር መከመር ዛፉን ማነቅ ነውና አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ። በመጀመሪያው በጋ ውኃ አላጓደሉበትም። በክረምት ብርድ ቅጠሉ ሲጠቍር ሞተ ብሎ መንቀል አይገባም፤ በጸደይ ዋዜማ አሮጌውን ቈርጦ ቢጥሉት አዲሱ ከሥር ይወጣል።

የሰላጊኔላ ወገን ሁሉ ግን እንዲህ ትዕግሥተኛ አይደለም። ክራውሲያና የተባለው፥ በምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ደኖች በሰላም የሚኖረው፥ ወደ ኒው ዚላንድ በአትክልተኞች እጅ ከገባ በኋላ የደኑን ወለል ሸፍኖ የአገሩን ቡቃያ ከለከለ። በጫማ ላይ የተጣበቀ ቍራጭ እንኳ ሥር ይሰዳልና፥ ለደን ቅርብ የሆነ ሰው ባይተክለው እንመክራለን።

ብራውኒ በዝግታ ነው የሚሰፋው። በሁለተኛው ጕብኝታችን የባሉጡ ሥር ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ለብሶ አገኘነው፤ ቀሪው ገና ቀይ ነበር። እናቲቱ ወንበራቸውን ከጥላው አስቀምጠው ቡና ይቈላሉ፤ ልጅዮውም እግራችን ተክሉን እንዳይረግጥ በየደቂቃው ያሳስበን ነበር።