የሐጂ አይሱዙ እና የእኛ ውሎ አበል



እኛ ኢንሹራንስ ቤት የካሳ ክፍል ሠራተኞች ነን። መኪና ሲጋጭ ወይ ሲገለበጥ ሄደን ጉዳቱን እናያለን፣ እንገምታለን። ብሔራዊ ባንክ ተካፉልን ሲፈቅድ ከወለድ የራቀ እንጀራ አገኘን ብለን በደስታ የገባን ነን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ደሞዛችን ግን ብዙም አልተነቃነቀም። ቦነሱ ቀረ፣ የሕክምናው ሽፋን ተቀነሰ። ውሎ አበሉ አልጋ ከከፈለ እራት አይከፍልም።

ባለፈው ክረምት ሁለታችን ሺሺንዳ ተላክን። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ አንድ አይሱዙ ተገልብጦ ነበር። ጋቢናው ተጨፍልቋል። ባለቤቱ ሐጂ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ጠበቁን።

ችግሩ ጉዳቱ አልነበረም። ሐጂ መኪናውን ያስመዘገቡት በ2 ሚሊዮን ብር ነው፤ በየዓመቱም በዚያው ዋጋ አድሰዋል። ዛሬ ገበያው 4 ሚሊዮን ይላል። በግማሽ ዋጋ የተመዘገበ ንብረት ካሳውም ግማሽ ነው። ጥገናው 600 ሺህ ቢጠይቅ የሚደርሳቸው 300 ሺህ፣ ከእሱም የራስ ድርሻ ይቀነሳል። (መኪና ወይም ባጃጅ ያላችሁ፣ ስታድሱ ዋጋውን አስከልሱ። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከእኛ ነው፣ ያውም ከአደጋው በኋላ።)

ሐጂ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ልጆቼ፣ የገበያ ዋጋውን 2 ሚሊዮን ብላችሁ ጻፉልኝ። እናንተንም አልረሳችሁም» አሉ።

ወላሂ፣ ወዲያው እምቢ አላልንም። አንዳችን የሁለት ወር የቤት ኪራይ አለበት። ማታ አንድ ክፍል ተጋርተን ስንከራከር አመሸን። «ደሞዙን እነሱ በሉት፣ እኛስ?» ተባባልን። ግን የሚከፈለው ገንዘብ የአለቆቻችን አይደለም። ተሳታፊዎች እርስ በርስ ለመረዳዳት ያዋጡት ነው፤ የባጃጅ ሹፌሩም የሱቅ ነጋዴዋም አሉበት። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን ስለሚያጎድሉ ሰዎች ነው የወረደው። የእኛ ሚዛን ደግሞ እስክሪብቶ ነው።

ጠዋት 4 ሚሊዮን ብለን ጻፍን። ከሥሩም ውሉ ሲታደስ ዋጋው እንዲከለስ ለደንበኛው እንዳልተነገራቸው አሰፈርን፤ ይህም እውነት ነው፣ ለአለቆቻችን ባይጥምም። ምናልባት አስተያየት ይደረግላቸው ይሆናል።

ለሐጂ ስንነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ቆይተው ግን ቤታቸው ወሰዱን፣ ቡና ተፈላ። አንዳችን ስኒውን ለመቀበል ሲያመነታ አይተው «ጠጣ፣ ውሳኔው ተጽፏል እኮ» አሉት።

የዚያ ጉዞ ውሎ አበል እስካሁን አልተወራረደልንም።